የመገንጠል ጦርነት፦ የውጭ እጅ ነው ወይስ የቤታችን ቁስል?

ጅሬን ማዶ፦ ያለ ውጭ እጅ የመገንጠል ጦርነት አይዘልቅም ባይ ነኝ። ኦጋዴን ላይ የሚዋጋውን የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪን ያስታጠቀው የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ነው፤ በሐምሌ 1969 ደግሞ ራሱ በታንክ ገባ። የኤርትራው ሻዕቢያስ ሱዳን ጀርባው ባይሆን ያን ሁሉ ዓመት ይዋጋ ነበር? መጀመሪያ ድንበር ይጠበቅ።

የሂርማታ ልጅ፦ ወንድሜ፣ የኤርትራን ፌዴሬሽን በ1955 ያፈረሰው ካርቱም ነው እንዴ? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

ጅሬን ማዶ፦ ቅሬታ የሌለበት አገር የትኛው ነው? ቅሬታን ወደ መድፍ የሚለውጠው መሣሪያ የሚያቀብል ጎረቤት ነው።

የሂርማታ ልጅ፦ እሺ፣ የውጭው እጅ ድጋፉን ሲያነሳ የሆነውን እንይ። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፋቤት በሻዕቢያ እጅ ሲወድቅ ደርግ የምሥራቁን ጦር ወደ ሰሜን ማዞር ፈለገ። በዚያው ወር መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ተፈራረሙ፤ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላይረዳ። እኛ ዘንድ ተጠግቶ የነበረው የዚያድ ተቃዋሚ፣ የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ መጠጊያ ሲያጣ መሣሪያውን ጣለ? ግንቦት ላይ በሰሜን ሶማሊያ ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳው ኤርፖርት እየተነሱ ያችኑ ሐርጌሳን ደበደቡ። በ1983 ሶማሊላንድ ነጻነቷን አወጀች።

ጅሬን ማዶ፦ የራስህ ምሳሌ ለእኔ ይመሰክራል። ለዓመታት በእኛ መሬት ባይደራጅ ኖሮ ሐርጌሳን ለማጥቃት የሚያስችል ጉልበት ከየት ያመጣ ነበር?

የሂርማታ ልጅ፦ ጉልበቱን ሰጥተነዋል፣ አልክድም። የደቡብ ሱዳኑን አማጺ የጆን ጋራንግንም ጦር እኛው አስጠግተን ነበር። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ጦሩ ከአገራችን ወጣ፤ ደቡብ ሱዳን ግን ከ20 ዓመት በኋላም ቢሆን ተገነጠለች። ደጋፊው ጦርነቱን ያከፋዋል፣ ያራዝመዋል፤ ምክንያቱን ግን አልፈጠረውም።

እህት ከአጋሮ፦ ሁለታችሁንም አነበብኩ። ቡናዬን የሚጭነው ሹፌር ጊቤ በረሃ ሳይወርድ ከፊቱ ላሉት ደውሎ «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላል። ጠመንጃው ከየት አገር መጣ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

ጅሬን ማዶ፦ እህቴ፣ እሱ ባይጠይቅ መንግሥት ሊጠይቅለት ግድ ነው። የጥይቱ መምጫ ካልተደፈነ ዛሬ የተከፈተው መንገድ ነገ ይዘጋል።

የሂርማታ ልጅ፦ ይጠይቅ። ግን መሬቱን ተቀምቶ አቤት ያለውን ሁሉ «የውጭ ተላላኪ» ብሎ ሲያስር፣ እውነተኛው ተላላኪ እዚያው መሃል ይደበቃል። ጥቆማ የሚሰጠውም ሕዝብ አፉን ይዘጋል፤ ለአገር ደኅንነት ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ጅሬን ማዶ፦ ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም የመሬት ቅሬታ ተጣርቶ እስኪፈታ ዓመታት ይወስዳል፣ መሣሪያ ግን በአንድ ሌሊት ይገባል። እስከዚያ ድረስ ምን ይደረግ ትላለህ?