ጨረቃ ላይ ላደረሰን መሐንዲስ ክብር ይገባዋልን?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደንንና አንትወርፕን የደበደበውን የናዚ ጀርመን የቪ-2 ሮኬት ሥራ የመራው ቬርነር ፎን ብራውን፣ በኋላ በአሜሪካ ሰውን ወደ ጨረቃ የወሰደው የሳተርን 5 ሮኬት ዋና ንድፍ አውጪ በመሆኑ የሰው ልጅ ባለውለታ ተብሎ ሊከበር ይገባዋልን? (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ ይገባዋል። በኦክቶበር 1942 ከፔነሙንደ፣ ከጀርመን የሮኬት መሞከሪያ ጣቢያ፣ የተተኮሰው ቪ-2 ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበት ከፍታ ላይ ደርሷል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካም ሶቪየት ኅብረትም የተነሡት ከዚሁ ሥራ ነው፤ የሶቪየቱ መሐንዲስ የኮሮልዮቭ አር-1 ሮኬት እንኳ የቪ-2 ቅጂ ነበር። የመሣሪያው የመጀመሪያ ዓላማ ክፉ ስለ ነበረ ብቻ ውለታውን መካድ ፍትሕ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ ወንድሜ ስለ ሮኬቱ የተናገሩት እውነት ነው፤ የሠሩትን ሰዎች ግን አላነሡም። በ1943 እንግሊዞች ፔነሙንደን በቦምብ ከመቱ በኋላ ምርቱ ኖርድሃውዘን አጠገብ ወዳለ ዋሻ ተዛወረ፤ በዚያም የዶራ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀን ብርሃን ሳያዩ እዚያው አቧራው ውስጥ እየተኙ፣ ዋሻውን ቆፍረው ፋብሪካውን አቆሙ፤ ሮኬቱንም ገጣጠሙ። ወደ ካምፑ ከተላኩት 60,000 ያህል ሰዎች አንድ ሦስተኛው አልቀዋል። በሮኬቱ ተመትተው ከሞቱት ይልቅ እርሱን ሲሠሩ የሞቱት እንደሚበልጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፤ እኔ ስለዚህ መሣሪያ ከማውቀው ሁሉ ከዚህ የከበደኝ የለም። የናዚዎቹ የኤስ ኤስ ጦር መኮንን የነበረው ፎን ብራውንም ዋሻውን ደጋግሞ ጎብኝቷል፤ ሙያ ያላቸውን እስረኞች ለመፈለግ ራሱ ቡኸንቫልድ ወደሚባለው ማጎሪያ ካምፕ መሄዱን በኦገስት 1944 በደብዳቤው ጽፏል።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ እምቢ ማለት ይችል ነበርን? እርሱም በማርች 1944 በናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ በጌስታፖ ታስሯል። ደግሞስ ያለ ጦርነቱ ጨረቃ ይደረስ ነበርን?

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ መታሰሩ እውነት ነው፤ የታሰረው ግን ስለ ጠፈር ጉዞና ስለ ጦርነቱ አካሄድ ተናግሯል ተብሎ እንጂ ለእስረኞቹ ተከራክሮ አይደለም። ያለ ጦርነቱ ጨረቃ አይደረስም ነበር የሚለውንም አልቀበልም፤ አሜሪካዊው ጎዳርድ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ያስወነጨፈው በ1926 ነው። ጦርነቱ የጨመረው ገንዘብ፣ ጥድፊያና የግዳጅ ጉልበት ነበር። አሜሪካ ራሷም ቢሆን ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አልሸሸችም፦ የሳተርን 5 ፕሮግራም ኃላፊ የነበረው አርተር ሩዶልፍ በዚያ ዋሻ የምርት ኃላፊ ሳለ ስለ ሠራው ሥራ ተመርምሮ፣ በ1984 ዜግነቱን ለመተው ተስማምቶ አገሪቱን ለቅቋል። ፎን ብራውን ግን በ1977 ስለ ሞተ ያ ምርመራ አልደረሰበትም።