አያት ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ማከራየት ያዋጣል?

ጠያቂ (ከዱባይ)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እኔ ያጠራቀምኩትና ታላቅ ወንድሜ የሚያዋጣው ሲደመር 5 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። አያት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በዚሁ ዋጋ ተገኝቷል። ደላላው በወር 25 ሺህ ብር ይከራያል ይላል። ቤቱ ከተላለፈ 5 ዓመት ስላልሞላው ስም ማዞር አይቻልም፤ ለጊዜው በውክልና ይሁን ተብለናል። ከኪራዩ እናቴን ልጦርበት ነው ሐሳቤ። ምን ምን ወጪ ልቁጠር? ምኑን ልፍራ?

የጀሞ አከራይ
እህቴ፣ እኔ ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ቤት አከራያለሁ። 25 ሺህ በዓመት 300 ሺህ ነው፤ ከ5 ሚሊዮኑ 6 በመቶ መሆኑ ነው። እሱም ሙሉው እጅሽ አይገባም። ተከራይ ሲለቅ ቀለም ይቀባል፣ ደላላ ይከፈላል፣ ቤቱ ባዶውን ይከርማል። አንድ ወር ባዶ ከዋለ 25 ሺህ ሄደ ማለት ነው። የኪራይ ገቢ ግብር አለ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር አለ። የሕንፃው ማኅበር ለጥበቃና ለውሃ ፓምፕ የሚሰበስበውም አለ።

ጥገናው ደግሞ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ባለፈው ክረምት የመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ ጥግ ላይ ቢጫ እድፍ ታየ። ብዙም ሳይቆይ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ቧንቧው የፈነዳው የላይኛው ጎረቤት ወለል ውስጥ ነው። እሳቸው ደግሞ ሴራሚካቸው እንዲነሳ አልፈለጉም። ተከራዬ ሕፃን ልጅ ይዛ ከባልዲ ጋር ስትታገል ማየት አልቻልኩም። ሴራሚኩን እኔ ገዝቼ አሠራሁ። አንቺ ዱባይ ሆነሽ ይህን ማን ይጨርስልሻል? ወንድምሽ ለቤቱ ቅርብ ነው?

የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። ሰው ይህን እያወቀ ቤት የሚገዛው ዋጋው ይጨምራል ብሎ ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ይዞ መቀመጥ ማንንም ያሳስባል፣ ይገባኛል። ግን የቤቱ ዋጋ ቢጨምርም ለእናትሽ የወር አስቤዛ አይሆንም። እሳቸው የሚበሉት ኪራዩን ነው። ስለዚህ የተጣራውን አስልተሽ ይበቃቸው እንደሆነ እዪ።

ጠበቃ ቢሮ የምሠራ
ከኪራዩ በፊት እኔን ያስፈራኝ ውክልናው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካዩ፣ ማለትም ሻጩ፣ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። በሕይወት እያለም በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ያኔ ከሻጩ ወይም ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት መደረግ አለበት። ቤቱ የባንክ እዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትም ቀድማችሁ አጣሩ። ስሙ ሲዞር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ስላለ እሱንም ከበጀታችሁ ውስጥ አስገቡ።

ስለ ኪራዩ ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አንብቢው። የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ነው፤ ውሉም ይመዘገባል። ጭማሪውን በዓመት አንዴ የሚወስነው መንግሥት ነው። «በየስድስት ወሩ ትጨምሪበታለሽ» የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ጠያቂ (ከዱባይ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ሐዋሳ ነው የሚኖረው፤ ለቤቱ ቅርብ አይደለም። የሻጩን ነገር ስጠይቅ ደግሞ ውጭ አገር ነው ያለው፣ ወኪሉ ነው የሚፈርመው አሉኝ። ነገ ቀብድ 200 ሺህ ክፈሉ ብለውናል።

ጠበቃ ቢሮ የምሠራ
ውክልና በውክልና ላይ ሊሆንብሽ ነው። የወኪሉ ሥልጣን መሸጥን በግልጽ ካልጠቀሰ መሸጥ አይችልም። የውክልናውን ቅጂ ይላኩልሽና ያልተሻረ መሆኑን ወንድምሽ ውልና ማስረጃ ሄዶ ያረጋግጥ። እስከዚያ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍሉ።