ባለቤቴ ከኑዛዜ በተመለሰች ማግሥት እንደገና ትናዘዛለች፤ እኔ ምን ልመልስላት?

ተስፈኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ ስለ ባለቤቴ ነው፤ እንድጽፈውም እርሷ ራሷ ፈቅዳልኛለች። ሁለታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያደግን ነን፤ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ኑዛዜ የምታርፍበት መሆኑ ቀርቶ የምትጨነቅበት ሆኖባታል። በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ ትናዘዛለች። ኃጢአቷን በደቃቅ ጽሕፈት በወረቀት ላይ ትመዘግባለች፤ ወረፋ ይዛ ሳለች እንኳ እስክሪብቶዋን አውጥታ በኅዳጉ ላይ ትጨምራለች። ተናዛ ስትወጣ፣ ገና የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ሳትሻገር፣ "ያንን ነገር በትክክል አልገለጽኩትም፤ አባ ቀላል መስሏቸው ይሆናል፤ እንግዲያው ኑዛዜዬ የተበላሸ ነው" የሚል ሐሳብ ይይዛታል። ለቁርባን ተሰልፋ ከመሃል ተመልሳ የተቀመጠችባቸው እሑዶች ብዙ ናቸው። መቁጠሪያ ስትደግም ሐሳቧ ለቅጽበት ከሸሸ ከመጀመሪያዋ ፍሬ ትጀምራለች፤ በሃያ ደቂቃ የሚያልቀው ጸሎት ሁለት ሰዓት ይወስድባታል።

ማታ ማታ ደግሞ ጥያቄው ወደ እኔ ይዞራል። "ይህ የሞት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?" ትለኛለች። "አይደለም፤ በይ ተኚ" እላታለሁ። ለጥቂት ደቂቃ ትረጋጋለች፤ ከዚያም ያንኑ ጥያቄ አንድ ቃል ለውጣ ታመጣዋለች። አንድ ካህን "እምነትሽ ስለ ጎደለ ነው፤ አጥብቀሽ ጸልዪ" ብለዋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብሶባታል። አንድ ዘመዳችን በበኩሉ "ለጥቂት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን ትተው" ይላል። ሁለቱንም ምክር ልቤ አልተቀበለውም፤ የተሻለ ምክር ግን የለኝም። እንግዲህ የያዛት የእምነት ጉዳይ ነው ወይስ ሕመም? ማታ ስትጠይቀኝስ መመለሴን ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ከዚያ የወጣሁ፦

ወንድሜ፣ እኔም ስድስት ዓመት በዚሁ ውስጥ ኖሬአለሁና ከውጭ የማይታየውን አንድ ነገር ልንገርዎ። ባለቤትዎ የምትጠይቅዎ መልሱን ስለማታውቅ አይደለም። እኔ በዚያን ጊዜ ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ አስተምር ነበር፤ አንድ ኃጢአት የሞት ኃጢአት የሚሆነው ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ ሰውየው ከባድነቱን በሙሉ ልቡ ሲያውቅና ወዶና ፈቅዶ ሲያደርገው እንደ ሆነ በሦስት ጣቶቼ እየቆጠርኩ አስረዳቸው ነበር። ቤቴ ስገባ ግን እነዚያው ሦስት ጣቶች ወደ እኔ ይዞራሉ፤ "አውቄ ነበር? ፈቅጄ ነበር? መፍቀዴን ሳላውቅ ፈቅጄስ ቢሆን?" እያልኩ አድር ነበር። ያጣሁት ፍጹም እርግጠኝነትን ነበር፤ እርሱን ደግሞ ማንም ሰው ሊሰጠኝ አልቻለም። ባለቤቴ "ኃጢአት አይደለም" ሲለኝ ዕረፍት አገኝ ነበር፤ ሆኖም ድምፁ ትንሽ የደከመ ከመሰለኝ "ከልቡ አይደለም ያለው" ብዬ እንደገና እጠይቀዋለሁ። ምስኪን፣ በመጨረሻ ድምፁን አስተካክሎ መመለስ ለምዶ ነበር።

አናዛዥ ካህን፦

የተወደዱ ወንድሜ፣ ለባለቤትዎ አስቀድመው አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥንታዊ ስም ያለው ነው፤ የደረሰባቸውም እምነት የጎደላቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። ስሙ ከላቲን "ስክሩፑሉስ" የመጣ ሲሆን፣ ጫማ ውስጥ ገብታ እግርን የምትወጋ ትንሽ ሹል ጠጠር ማለት ነው። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1522 ማንሬሳ በምትባል ከተማ ተቀምጦ ሳለ፣ ቀደም ሲል ሦስት ቀን የፈጀና በጽሑፍ የተዘጋጀ ኑዛዜ አድርጎ እያለ፣ ያለፈውን ኃጢአቱን ደጋግሞ ከመናዘዝ ማረፍ አልቻለም ነበር፤ ከጭንቀቱ ብዛት ራሱን ወደ ጉድጓድ የመወርወር ፈተና እስኪመጣበት ድረስ ደርሶ ነበር። በኋላ በጻፋቸው መመሪያዎች ውስጥ አንድ የማልረሳው ምሳሌ አለ፦ በመንገድ ላይ በመስቀል ቅርጽ የወደቁ ሁለት ጭራሮዎችን ሳያስበው የረገጠ ሰው "ኃጢአት ሠራሁ" ቢል፣ ይህ የተሳሳተ ፍርድ ነው ይላል። እውነተኛው ስክሩፑል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰውየው ኃጢአት እንዳልሠራ እያወቀ "ምናልባት ግን..." የሚለው ሐሳብ አልለቀው ሲል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የአናዛዦች ጠባቂ ተብሎ የተሰየመው ቅዱስ አልፎንሶ ሊጎሪም በእርጅናው ዘመን በዚሁ ጭንቀት ተሠቃይቷል።

ስለ ኑዛዜዋ መበላሸት የምትፈራውን በተመለከተ፣ የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 በግልጽ አስተምሯል። ምእመኑ ሕሊናውን በትጋት መርምሮ የሚያስታውሰውን የሞት ኃጢአት ሁሉ እንዲናዘዝ ይጠበቅበታል፤ በትጋት አስቦ ያልመጡለት ግን በዚያው ኑዛዜ ውስጥ እንደ ተካተቱ ይቆጠራል። እንግዲህ ደጃፍ ላይ ያስታወሰችው ነገር ኑዛዜዋን አያፈርሰውም። ሕሊናው በዚህ መንገድ ለታመመ ሰው ደግሞ የሥነ ምግባር መምህራን ከጥንት ጀምሮ የሰጡት የተለየ ፈቃድ አለ፤ የተጠራጠረውን ኃጢአት የመናዘዝ ግዴታ የለበትም፤ የሚናዘዘው ከባድ መሆኑንና ከዚህ በፊት አለመናዘዙን ሊምልበት የሚችለውን ብቻ ነው። ይህን በራሷ ሳይሆን በአንድ አናዛዥ ትእዛዝ ታድርገው። አንድ ካህን ትምረጥ፤ ከእርሱ ወደ ሌላ አትሂድ፤ በየስንት ጊዜው እንደምትናዘዝም እርሱ ይወስን።

የራሴንም ስሕተት ልናገር። ወጣት ካህን ሳለሁ አንድ ተናዛዥ በየዕለቱ እንዲመጣ ፈቅጄ ነበር፤ ምሕረት ያደረግሁለት መስሎኝ ነበር። በየቀኑ ፈታሁት፤ በየቀኑ ግን ከትናንቱ የባሰ ሆኖ መጣ። ሕገ ቀኖና በቁጥር 978 አናዛዡ ዳኛም ሐኪምም እንደ ሆነ ያስታውሰዋል፤ እኔ በዚያን ጊዜ ዳኝነቱን እንጂ ሕክምናውን አላወቅሁበትም ነበር።

የምክር ባለሙያ፦

እኔም ካቶሊክ ነኝ፤ የምሠራው ግን በሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ከአባ ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ በአንዱ ነጥብ ግን ልከራከራቸው እወዳለሁ።

የተገለጸው ነገር ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ወይም በአጭሩ ኦሲዲ ከሚባለው ሕመም ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ በትክክል እርሱ መሆኑን የሚወስነው ግን ፊት ለፊት የሚመረምራት ሐኪም ነው። በሕይወት ዘመናቸው ከመቶ ሰው ሁለቱ ወይም ሦስቱ ይይዛቸዋል፤ የአንዳንዱ ጭንቀት ስለ ጀርም፣ የሌላው ስለ በር መቆለፍ፣ የሌላው ደግሞ ስለ ኃጢአት ነው። በሃይማኖት ላይ የሚያርፈው ሃይማኖት ስላመጣው አይደለም፤ ሕመሙ ሰው አብልጦ የሚሳሳለትን ነገር ስለሚይዝ ነው። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1907 የሃይማኖትን ሥርዓትና የዚህን ሕመም ድግግሞሽ ያመሳሰለበት ጽሑፍ ብዙ ካህናትን ከሥነ ልቦና እንዳራቀ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመኑ ዓለም ባወጣው ሰነድ የነፍስ እረኞች የሥነ ልቦናን ግኝት እንዲጠቀሙበት ጠይቋል፤ ስለዚህ ባለቤትዎ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ከካህኗ ሸሸች አይባልም።

ራክማንና ደ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኛ ከሚባሉት ሰዎች አብዛኞቹ ያልፈለጉት፣ አንዳንዴም የሚያሳፍር ሐሳብ በድንገት እንደሚመጣባቸው አሳይተዋል። ሌላው ሰው "ምን ነካኝ" ብሎ ያልፈዋል፤ በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ግን ሐሳቡ መምጣቱን እንደ ፈቀደው ይቆጥረዋል። የሚደንቀው የካቶሊክ ሥነ ምግባር ራሱ የሐሳብ መምጣት ሐሳቡን ከመፍቀድ ጋር አንድ እንዳልሆነ ሁልጊዜ ማስተማሩ ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ። "ልትምልበት የምትችለውን ብቻ ተናዘዥ" የሚለው መመሪያ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ሕመሙ ራሱ መሐላውን ይወርሰዋል፤ "መማል እችላለሁ ወይስ አልችልም?" ብላ ሌሊቱን ታድራለች። የኢግናጥዮስን ታሪክ ያነሡት አባ ቀጥሎ የሆነውን አልጠቀሱትም። አናዛዡ "በጣም ግልጽ የሆነውን ካልሆነ በቀር ያለፈውን አትናዘዝ" ብሎ አዝዞት ነበር፤ ለእርሱ ግን ሁሉም ግልጽ ሆኖ ስለታየው ትእዛዙ ምንም አልጠቀመውም። የጠቀመው በመጨረሻ ያለፈውን ጭራሽ ላለመናዘዝ መቁረጡ ነው። ስለዚህ ለባለቤትዎ የምመክረው፣ ካህኑ መመዘኛ ሳይሆን ቀን እንዲሰጣት ነው፦ "በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ አሥር ደቂቃ፤ በመካከል ግን የለም።"

እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ሜየር የጀመረው ሕክምናም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ሰውየው የሚያስፈራውን ነገር ቀስ በቀስ ይጋፈጣል፤ ጭንቀቱን ለማብረድ የለመደውን ድርጊት ግን አያደርግም። ኃጢአት እንድትሠራ ማንም አይጠይቃትም። የሚጠየቀው ለምሳሌ መቁጠሪያውን አንድ ጊዜ ደግማ፣ ሐሳቧ ቢሸሽም እንኳ ወደ ኋላ ሳትመለስ መጨረስ ነው። ጭንቀቱ ይነሣል፤ ካልታዘዙለት ግን በራሱ ይበርዳል። መድኃኒት ካስፈለገም የሥነ አእምሮ ሐኪም የሚያዝዛቸው እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ አሉ፤ ውጤታቸውን ለመገመት ከ8 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል።

የዘመድዎ ምክር ትክክል አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን መራቅም ራሱ ሽሽት ስለሆነ ፍርሃቱን ያሳድገዋል። የእርስዎ መልስ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሕመሙ አካል ሆኗል። ይሁን እንጂ በድንገት አያቁሙት። ቀን ላይ፣ በተረጋጋችበት ሰዓት ተነጋገሩ፤ "ማታ ስትጠይቂኝ የማልመልስልሽ ስለምወድሽ ነው፤ አብሬሽ ግን እቀመጣለሁ" በሏት። "ባልኖር ይሻላል" የሚል ቃል ከሰሙ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዘዋት ይሂዱ።

አናዛዥ ካህን፦

ክርክሩን ተቀብያለሁ። ለአንዳንዶች መሐላው ጠቅሟቸዋል፤ ሆኖም ያን የዕለት ተናዛዤን ሳስታውስ፣ ባለሙያው እንዳሉት ቀን ብሰጠው ኖሮ ይሻለው ነበር። ባለቤትዎ ፈቃደኛ ከሆነች ከሐኪሟ ጋር ያወራችውን ለካህኗ ራሷ ትንገረው፤ በኑዛዜ የተነገረውን እርሱ ለሐኪሙም ሆነ ለእርስዎ ማውጣት አይችልምና፣ ሁለቱን የምታገናኘው እርሷ ብቻ ናት።

ተስፈኛው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን አብረን አነበብነው፤ "ጠጠር" የሚለው ጋ ስትደርስ አለቀሰች። ለሐኪም ቀጠሮ ይዘናል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ስለ ማታው ተስማማን፤ ማታ ግን ስምምነቱን እንደማታውቅ ሆና ጠየቀችኝ። "ዛሬ አልመልስም ተባብለናል፤ አለሁልሽ" አልኳት። ተቆጣች፤ መብራት አብርታ ጀርባዋን ሰጥታኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም ተነሥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይታ እንደ ተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ወረቀቱ በእጇ ነበር። ያንን ወረቀት ልደብቀው ወይስ ልተወው?

የምክር ባለሙያ፦

አይደብቁት፤ ከደበቁት በቃሏ መያዝ ትጀምራለች፤ እርሱ ደግሞ ከወረቀቱ ይብሳል። በደረጃ ከሐኪሟ ጋር ትቀንሰዋለች፤ መጀመሪያ ከሁለት ገጽ ወደ አንድ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ። ለመጪው ቅዳሜ አንድ ነገር ከፈለጉ፣ ወረቀቱን ይዛ ትሂድ፤ እስክሪብቶውን ግን ቤት ትተወው።