እናቴ ትጾማለች፤ ቻይና ምግብ ቤት ምን ልዘዝላት?

የካዛንቺሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓርብ የሆነው ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም፤ የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ።

እኛ ካዛንቺስ ተወልደን ያደግን ነን። ሰፈሩ ሲነሳ እማዬ ገላን ጉራ ገባች፣ እኔ ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ኦሎምፒያ አካባቢ ተከራየሁ፣ ወንድሜም ሌላ ጥግ ሄደ። ድሮ በየማታው አንድ ትሪ ከበን እንበላ የነበርን ሰዎች አሁን የምንሰባሰበው በወር አንዴ፣ እማዬ በ22 ዑራኤልን ልትሳለም ስትመጣ ብቻ ነው። ያቺን ቀን ወሩን ሙሉ ነው የምጠብቃት።

በዚህ ወር 22 ዓርብ ዋለ። ልጆቼ ኑድል ሲባሉ ነፍሳቸው ነው፤ እማዬም «እነሱ የሚወዱት ቦታ እንሂድ፣ እኔ የጾም አላጣም» አለች። አንድ አነስ ያለ የቻይና ምግብ ቤት ስድስት ሆነን ገባን። ጠረጴዛው ክብ ነው፣ መሃሉ ላይ የሚሽከረከር መስታወት አለው። እማዬ መስታወቱን በመዳፏ ቀስ አድርጋ አዞረችና «ይሄማ መሶብ ነው፤ ወጡ ራሱ ዞሮ ይመጣልሻል» አለችኝ። ልጆቹ ተራ በተራ እያዞሩላት ሳቋን ብታዩ!

አስተናጋጁን «የጾም አለ?» አልኩት። «አለ፣ አትክልት» አለኝ። ቶፉ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቅጠልና ነጭ ሩዝ አዘዝኩላት። ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ ቡናማ ሶስ ለብሶ፣ እንፋሎቱ ሳይበርድ መጣ። በላች፣ ትንሹንም ልጄን አጎረሰችው። ልንነሳ ስንል ባለቤቴ ሂሳብ ሊከፍል ሄዶ በወጥ ቤቱ በር በኩል ጠርሙሱን አየው። «ኦይስተር ሶስ ነው፣ አትክልት ላይ ሁሉ እንጨምረዋለን» አሉት። ኦይስተር ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው፤ እማዬ እንኳን በጾም በፍስክም አትነካውም።

መደበቅ አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ጣቶቿን አንድ በአንድ በሶፍት ጠረገችና «ሳላውቅ ነው ልጄ፣ እሱ ያውቃል» ብላ እኔን አጽናናችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሻዩንም አልቀመሰችም።

እንዴት ብዬ ባዝዝ ነው ምንም የማያጠራጥር የጾም የማገኝላት? «እቤት ሥሪላት» እንዳትሉኝ። እሱንማ አደርገዋለሁ። ልጆቼ ከአያታቸው ጋር ያን መስታወት እያዞሩ ሲበሉ ማየት ነው የምፈልገው።

ባለመጥበሻው፦
እህቴ፣ አይዞሽ። አራት ዓመት ቻይና ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። አስተናጋጁ ሆን ብሎ ያታለለሽ አይመስለኝም፤ ብዙ ቦታ «የጾም» ሲባል የሚገባቸው ሥጋ የማይታይበት ምግብ ነው። ጉዱ ያለው ማጣፈጫው ላይ ነው። ኦይስተር ሶሱን አይተሻል። ከእሱ ሌላ ጨው የሚመስል ቢጫ ዱቄት አለ፣ ዶሮ የሚገባበት፣ ጂ ጂንግ ይሉታል፤ ወጥ ሠሪው በጭልፋው ጫፍ ቆንጠር አድርጎ ይበትነዋል። ቅጠሉ እንዲለሰልስ ጠብ የሚያደርጉት ፈሳሽም ብዙ ጊዜ ውሃ ሳይሆን የአጥንት መረቅ ነው። በዚያ ላይ ሥጋ ያለፈበትን ዘይት መልሰው ይጠቀሙበታል፤ ይሄን አስተናጋጁ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ማፖ ቶፉ የሚባለውን በስሙ እንዳታዢ፣ የተፈጨ ሥጋ አለበት። ጥብስ ሩዝም ኑድሉም ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው። ሶያ ሶስ ግን አኩሪ አተር፣ ስንዴና ጨው ነው፣ አትፍሪው።

ቻይናዎቹ ራሳቸው በቡድሃ ሃይማኖት ምክንያት ሥጋ የማይበላ ሰው ስለሚያውቁ «ቺ ሱ» ስትያቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ይሄ ቃል ለብዙ ሰው እንቁላልን አይከለክልም፤ ስለዚህ «ቡ ያዎ ጂ ዳን» በይ፣ እንቁላል አልፈልግም ነው። ኦይስተሩን ደግሞ «ቡ ያዎ ሃዎ ዮው»።

ለእናትሽ እኔ የምመርጥላቸው «ቱዶው ስ» የሚባለውን ነው። ድንች እንደ ክር ተከትፎ፣ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ፣ በደረቅ በርበሬና በአቼቶ በኃይለኛ እሳት ሁለት ደቂቃ ነው የሚቆየው። ጥርስ ላይ ቀርጨጭ ይላል። መጥበሻው በሳሙና ታጥቦ፣ በአዲስ ዘይት፣ በጨው ብቻ እንዲሠራ ንገሪያቸው። በምሳ ግርግር ይሄን የሚሰማሽ የለም። እሳቸው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚበሉ ከሆነ ግን ያኔ ወጥ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፣ ወጥ ሠሪውን ራሱን ማናገር ትችያለሽ።

የጦር ኃይሎች ልጅ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጭንቀትሽ በደንብ ይገባኛል። «ሀላል ነው?» ስል ሁሉም «አዎ» ስለሚሉኝ መጠየቁን ትቼዋለሁ። አሁን የምለው «የምትጨምሩትን ጠርሙስ አምጡልኝ» ነው። እነሱ ሥጋው ላይ የሩዝ ወይን ጠብ ያደርጋሉ፣ አንዳንዱ ቤት የአሳማ ስብ ይጠቀማል። ጠርሙሱን ለማሳየት ፊቱን የሚያጠቁር ቤት ከሆነ ልጆቼን አስነስቼ እወጣለሁ። አንዴም አላፈርኩበትም፣ አንቺም አትፈሪ።

ተጓዥ፦
ሳያውቁ ስለበሉት ነገር የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። እኛ እዚህ ብንፈርድ ለእሳቸው ዕረፍት አይሆንም።

የካዛንቺሷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ተጓዥ፣ ልክ ነህ፤ እማዬ በነጋታው ደውላላቸዋለች፣ ልቧ አርፏል።

ባለመጥበሻው፣ ትናንት ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ብቻዬን ሌላ ቤት ሄድኩ። «ቺ ሱ» ስል ወጥ ሠሪዋ ራሷ ብቅ አለች። ጠርሙሶቹን አስደረደርኳት፤ ኦይስተሩንና ቢጫውን ዱቄት በእጇ ወደ ጎን ገፋችልኝ። መጥበሻውን ስታጥብ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ድንቹ እንዳልከው ቀርጨጭ ይላል፣ አቼቶው አፍንጫ ይነካል። የቀረውን አስቋጥሬ ለልጆቹ ወሰድኩ።

ማታ ለእማዬ ደውዬ አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ድንቹን በእንጀራ ቢበሉት ይቆጣሉ?» አለችኝ። በሚቀጥለው 22 እንጀራውን ይዤላት እሄዳለሁ።