ጠጋኙን ፕሮቲን ማሰር እንዴት ካንሰር ይገላል?

የደብረብርሃን ልጅ፦
ሰላም ናችሁ፣ ግራ የገባኝን ልጠይቅ። አክስቴ የኦቫሪ ካንሰር አለባት ኬሞ ጨርሳለች፣ ውጭ ያለው ልጇ ኦላፓሪብ የሚባል ኪኒን አለ መጀመሪያ ግን ብራካ የሚባለው ጂን ይታይላት አለ። ገብቼ ሳነብ ኪኒኑ ፓርፕ ዋን የሚባል ፕሮቲን ነው የሚያስረው፣ የፕሮቲኑ ስራ ደሞ የተበጠሰ ዲኤንኤ ማስጠገን! ታዲያ ጠጋኙ ከታሰረ ደህናው ሴሏስ ምን ይውጠዋል?

መንዜው፦
እኔም ተማሪ ሆኜ እዚችው ጋ ነው የተደናበርኩት። በኛው ባና ላስረዳህ። ባና ትንሽ ሲቀደድ እናትህ በመርፌ ትሰፋዋለች፣ ለሁለት ሲተረተር ግን ሸማኔ ነው የሚያድነው። ፓርፕ ዋን ባለመርፌዋ ናት፣ ከዲኤንኤው ሁለት ክር አንዱ ሲበጠስ ደርሳ ሌሎቹን ጠጋኞች ትጠራለች። ብራካ 1ና ብራካ 2 ሸማኔዎቹ ናቸው፣ ሁለቱም ክር ሲበጠስ። ባለመርፌዋ ስትታሰር ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ሴሉ ሊባዛ ሲል ትልቅ ትሆናለች፣ ደህናው ሴል ሸማኔ ስላለው ይወጣዋል፣ ብራካው የተበላሸበት ካንሰር ግን ሸማኔውን አስቀድሞ አጥቷል። ከዛ የባሰው ደሞ የታሰረችው ፓርፕ ዋን ጨርቅ ላይ እንደተረሳ መርፌ ዲኤንኤው ላይ እንደተሰካች መቅረቷ፣ ሴሉ ዲኤንኤውን ሊገለብጥ ሲል ይጋጫታል። ብራካ የሌለው ሴል ፓርፕ ሲታሰር እንደሚሞት በላብራቶሪ የታየው 2005 ነው፣ አሜሪካ ኪኒኑን የፈቀደችው 2014 መጨረሻ (ሁለቱም በፈረንጅ)።

ባለፋርማሲ ሸዋሮቢት፦
መንዜው ባናህን ወድጄዋለሁ 😄 ግን ደህናው ምንም አይነካውም እንዳይመስላችሁ፣ ደም ማነስ ማቅለሽለሽ ድካም አለው፣ ደሟ በየጊዜው መታየት አለበት። አንዳንዴም ካንሰሩ የተበላሸውን ብራካ መልሶ ያስተካክልና ኪኒኑ እምቢ ይለዋል። ሰው ከውጭ ላከልን ብላችሁ ያለ ሐኪም እንዳትጀምሩ በማርያም።

አንኮበር ማዶ፦
ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ውሰዳት ወንድሜ፣ ስንቱ ድኛለሁ ብሎ ተመልሷል።

ባለፋርማሲ ሸዋሮቢት፦
ትሂድ ማን ከለከላት፣ ኪኒኗን ይዛ ትሂድ ነው የምለው።

የደብረብርሃን ልጅ፦
ባናዋ ገብታኛለች እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፣ እናቴ የአክስቴ ታናሽ ናት፣ እሷም ትታይ?

መንዜው፦
መጀመሪያ አክስትህ ትታይ። የተበላሸው ጂን ከወላጅ የወረሰችው ሆኖ ከተገኘ እናትህም ግማሽ በግማሽ ዕድል አላት፣ ያኔ እሷም ትመርመር። እሷ ከሌለባት በሷ በኩል ላንተም አይደርስም።