ከመጋዘን የወጣ ስካነር ለእናት ስልክ ይሆናል?

ከዱባይ፦

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ጀበል ዓሊ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ቆጣሪ ነኝ። አሠሪዎቼ በእጅ የምንይዛቸውን ኮምፒውተሮች፣ እኛ ስካነር የምንላቸውን፣ በአዲስ ስለቀየሩ አሮጌዎቹን ለሠራተኛው በርካሽ እየሸጡ ነው። አንድሮይድ ናቸው። እናቴ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ናት፤ ስልኳ በወደቀ ቁጥር መስታወቱ እየተሰነጠቀ ተቸግረናል። አንዱን ብልክላት በኢንተርኔት ድምፅዋን መስማት እችላለሁ? የሞከረ ካለ በአላህ ይምከረኝ።

ከደሴ፦

እህቴ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። እዚያው ዱባይ መጋዘን ስድስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ሁለት ይዤ ገባሁ። ይሆናል፤ ግን ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት መርምሪው።

መጀመሪያ የሲም ካርድ ቦታ እንዳለው እዪ። ዜብራ የሚባለው ኩባንያ ከሚሠራቸው ስካነሮች ቲሲ52 የተባለው የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ነው፤ መልኩ ያው የሆነው ቲሲ57 ግን ሲም ይቀበላል። እናትሽ ቤት ዋይፋይ ከሌለ በቲሲ52 ለመደወል የጎረቤት ልጅ ከስልኩ ኢንተርኔት እስኪያካፍላት መጠበቅ አለባት።

ሁለተኛው እኔን ያስለቀሰኝ ነው። የመጀመሪያውን ዕቃ ሁሉንም አጥፍቼ፣ አዲስ አስመስዬ አመጣሁት። ደሴ ገብቼ ከዋይፋይ ጋር ሳገናኘው የቀድሞው ድርጅት ገጽ ተመልሶ መጣና የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ለካ ዕቃው በድርጅቱ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ውስጥ ተመዝግቦ ኖሯል፤ ውስጡን ማጥፋት ምዝገባውን አይሰርዘውም። ከዚህ ሆኜ ብደውል ብጽፍ መልስ የሰጠኝ የለም። ስለዚህ የኮምፒውተር ክፍሉ ከመዝገባቸው እንዲሰርዘው ጠይቂ። ከዚያም እዚያው ፊታቸው አጥፍተሽ፣ ከዋይፋይ አገናኝተሽ፣ እስከ መጨረሻው ከፍተሽ ሳታዪ አትክፈዪ።

ሦስተኛ፣ ፕሌይ ስቶር፣ ማለትም መተግበሪያ የሚወርድበት የጉግል መደብር፣ አለው ወይ? ለሥራ ብቻ ተብለው ያለ ጉግል አገልግሎት የሚሸጡ አሉ። መተግበሪያውን በሌላ መንገድ ብትጭኚበት እንኳ ስትደውዪ ላይጮህ ይችላል፤ ጥሪ መምጣቱን ለስልኩ የሚያበስረው ብዙውን ጊዜ የጉግል አገልግሎት ነውና። ሁለተኛው ዕቃዬ እንዲህ ነበር። እናቴ ቡናዋን አፍልታ፣ ስካነሩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣ ስትጠብቅ፣ እኔ ፒያሳ ሆኜ ለሙከራ አራት ጊዜ ደወልኩ። ምንም አልሰማችም። ቤት ስደርስ ጀበናው ቀዝቅዟል፣ እሷም ዓይኗን ከዕቃው ላይ አልነቀለችም። በኋላ ሌላ አስመጥቼ ነው ያረፍነው።

አንቺ ያለሽበት አገር ሕግም አለ። በኤምሬትስ በዋትስአፕ መጻጻፍ እንጂ በድምፅ መደወል ተዘግቷል፤ የተፈቀዱት እንደ ቦቲም ያሉት የመደወያ መተግበሪያዎች ናቸው። ቦቲም ደግሞ በእናትሽም ዕቃ ላይ መኖር አለበት፤ ሲመዘገብ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር በሌላ ስልኳ መቀበል ትችላለች። ጓደኞችሽ ቪፒኤን፣ ያለሽበትን አገር ደብቆ የተዘጋውን የሚያስከፍተውን፣ ክፈቺና በዋትስአፕ ደውዪ ይሉሻል። አታድርጊው! እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአገሪቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ ቪፒኤንን ለወንጀል መጠቀምን ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣበታል። የስንት ዓመት ደመወዝሽ ነው?

እዚህም ትልልቆቹ ሰዎች «ያስጠይቃል» ብለው ይፈሩ ይሆናል። ፍርሃታቸው ከሜዳ አልመጣም፤ አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅ መለዋወጥን ከልክሎ ነበር። ዛሬ ግን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ከአረብ አገር ልጁ ጋር የማያወራ ቤት ማግኘት ይከብዳል።

ስለ ዋጋው አትጨነቂ፤ ድምፅ ብዙ ዳታ አይበላም። በሰከንድ 24 ኪሎቢት ሄዶ ያንኑ ያህል ቢመለስ በሰዓት 22 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከላዩ ጥቂት ቢጨመርበት ነው። ኔትወርኩ ሲደክም ምስሉን አጥፊና በድምፅ ብቻ አውሪ። ድምፅሽ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ተናግረሽ ዝም በዪ። አንድ ቃል ለመሄድ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ሲፈጅበት ሰው እኩል መናገር ይጀምራል፤ እናትና ልጅ ያኔ «ምን አልሽኝ?» ሲባባሉ ይመሻል።

እናቴ ዕቃውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ እጇ የሚያርፈው በጎኑ ያለው የባርኮድ ማንበቢያ ቁልፍ ላይ ነው። በተጫነችው ቁጥር ቀይ መብራት ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ የመጀመሪያ ቀን ደንግጣ ጣለችው። ምንም አልሆነም፤ ሲሚንቶ ላይ እንዲወድቅ ታስቦ የተሠራ ነው። በዜብራ ላይ ዳታዌጅ የሚባለውን የባርኮድ ማንበቢያ ፕሮግራም ብታጠፊው መብራቱ አይወጣም። ጆሮ ላይ የሚደረግ ድምፅ ማጉያ የሌላቸው፣ በጀርባቸው ብቻ የሚጮሁም ስላሉ ሳትገዢ ደውለሽ ሞክሪው።

ደግሞ በሥራ ላይ በምትይዢው ስካነር ለቤተሰብ አትደውዪ። ድርጅቱ የጫንሽውንም የተጠቀምሽውንም ሊያይ ይችላል። ዕቃው የእነሱ ነው፤ እንጀራሽን በዚህ እንዳታጪ።

ከዱባይ፦

አላህ ይስጥሽ እህቴ። ዛሬ ጠየቅኩ፤ ቲሲ57 ነው፣ ጉግልም አለው። ነገ ከመዝገብ እንሰርዘዋለን ብለውኛል። ዓርብ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሌላ ምን ልጨምር?

ከደሴ፦

ትርፍ ባትሪ ጨምሪ፤ መብራት ሲጠፋ አንዱን አውጥታ ሌላውን ታስገባለች። መንገደኛው ግን ትርፉን ባትሪ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ሲደርስ ጻፊልኝ፤ ከሆጤ ሩቅ አይደለሁም፣ ሄጄ ቦቲሙን ጭኜ አብሬያት እደውልልሻለሁ።