ቡሽ ያለው ቢራ ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት ይቆያል?

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ለጥምቀት ከብራስልስ መጥቶ አራት ጠርሙስ ቢራ ትቶልን ሄደ። እንደኛዎቹ ቆርኪ አይደለም ያላቸው። እንደ ሻምፓኝ ወፍራም ቡሽ አላቸው፣ በላዩ በሽቦ ታስሯል። ሁለቱ ሰማያዊ ሺሜ ናቸው፣ አንዱ ዱቬል፣ አንዱ ደግሞ ጉዝ የሚባል ነገር። «አትቸኩሉ፣ ሲቆይ ይጣፍጣል» አለንና እንዴት እንደሚቆይ ሳይነግረን አውሮፕላኑ ላይ ወጣ፤ አሁን ስደውልለት ሥራ ላይ ነኝ ነው መልሱ።

እህቴ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ለምርቃቷ ላቆየው አስቤያለሁ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው። እማዬ ግን ሳሎን ቡፌው ላይ ደርድራቸዋለች፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ መሀላቸው የላስቲክ አበባ አቁማ። እንግዳ ይየው ነው ነገሩ። ችግር አለው? ይቁም ወይስ ይተኛ? ፍሪጅ ይግባ? ደግሞ ሺሜው ላይ 2029 የሚል ቀን አየሁ። ገና 11 ዓመት አለው ማለት ነው?

እርሾ፦

ኧረ ቀኑ በፈረንጅ ነው ወንድሜ! እንደ ወሩ በእኛ 2021 ወይም 2022 ይሆናል። ለምርቃቱ ግን ይደርስልሃል፣ አታስብ። እንዲህ ያለው ቢራ ቀኑ አለፈ ተብሎ በማግስቱ የሚደፋም አይደለም።

ቡፌው ላይ ያሉትን ግን ዛሬውኑ አውርዳቸው። ከተማችን የብርሃን ደብር ብትባልም ቢራ ብርሃን አይወድም። ሆፕ፣ የፈረንጅ ጌሾ በለው፣ ለቢራው ምሬት የሚሰጠው ነገር ብርሃን ሲመታው ይፈርስና የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ትንሽ ይከላከላል፣ አረንጓዴ ግን ብዙም አያስጥልም። ከመስኮት ፊት ለፊት ከሆነማ ሦስት ዓመት ቀርቶ ሦስት ወርም አላምነውም። አንዴ ከአንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ ተሰልፎ የከረመ ገዝቼ ቤት ስከፍተው ባለቤቴ «ምን እየተቃጠለ ነው?» ብላ ከማድ ቤት መጣች።

አራቱን እንደ አንድ አትያቸው። ሺሜው 9 ከመቶ አልኮል አለው፣ ጠቆር ያለ ነው፣ ጠርሙሱ ውስጥም በሕይወት ያለ እርሾ አለ። ያ እርሾ የገባውን ትንሽ ኦክስጅን ይበላለታል፣ ለዚህ ነው ዕድሜ የሚኖረው። ሲቆይ ምሬቱ ይለዝብና ዘቢብ፣ ቴምር የመሰለ ጣዕም ያወጣል። የሚጠመቀው ገዳም ውስጥ፣ በመነኮሳት ቁጥጥር ሥር ነው፣ እሱን ለእማዬ ንገራት፣ ደስ ይላታል። ዱቬሉ 8.5 ነው፣ እሱም ጠንካራ ነው፣ ግን ግማሽ ውበቱ የሆፑ መዓዛ ነው፣ ያ ደግሞ በየወሩ ይደክማል። እኔ ብሆን ዱቬሉን ለፋሲካ እጠጣው ነበር።

ጉዙ ሌላ ዓለም ነው። የብራስልስ አካባቢ ሰዎች ጥንስስ አይጨምሩበትም፤ የተቀቀለውን የብቅል ውሃ ሌሊት ክፍት አድርገው ያቀዘቅዙትና ከአየሩ የሚገባው ተሐዋስያን ያፈላዋል። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱን ይቀላቅሉና ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ያፈሉታል። ጎምዛዛ ነው። ከ10 ዓመት በላይ የሚያቆዩት አሉ። የእህትህ ልጅ ክርስትና ድረስም ቢሆን ችግር የለም።

የሰፈሩ ልጅ፦

እኔ ወይን መሸጫ ቤት ሠርቻለሁ። ቡሽ ካለው ይተኛል፣ በቃ። ቆሞ ከከረመ ቡሹ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ጋዙ ይወጣል፣ ምርቃት ላይ የምትጠጣው የሞተ ውሃ ነው።

እርሾ፦

ለወይን ልክ ነህ። ቢራ ላይ ግን ሰው የሚጣላው እዚህ ጋ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር ራሱ እርጥብ ነው፣ ቡሹ ከታች በኩል በቀላሉ አይደርቅም። የእርሾው ዝቃጭ ደግሞ አለ፣ ልክ እንደ ጠላ አተላ። ካቆምከው ታች ይረጋል፣ ካስተኛኸው ጎኑን ይዞ ይለጠፍና ስትቀዳ ይደፈርሳል። ስለዚህ ሺሜውን አቁመው። ጉዙን ግን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው አስተኝተው ነው የሚያቆዩት፣ እሱን አስተኛው። ግማሽ ግማሽ አሸነፍን።

ቆላ ወራጅ፦

እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ ስለ ሙቀቱ እኔን ጠይቁኝ። አምና ጠንካራ ቢራ አገኘሁና ዕቃ ቤት፣ ቆርቆሮው ሥር መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ጨለማ ስለሆነ ጥሩ መስሎኝ። ከስምንት ወር በኋላ ስከፍተው እርጥብ ካርቶን የላስኩ ነው የመሰለኝ። አንድ የሚያውቅ ሰው እንዳስረዳኝ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እርጅናው በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል። እኛ ጋ አንድ ዓመት ማለት እናንተ ጋ ሁለት፣ ሦስት ነው። አሁን ደህና ጠርሙስ ካገኘሁ ጣርማ በርን አልፎ ለሚሄድ ዘመድ ነው የምሰጠው፣ ደብረ ብርሃን አጎቴ ጋ ይቀመጥልኛል። ችግሩ አጎቴ ነው እንጂ ብርዱ አይደለም።

ባለጓዳ፦

ሃሃ አጎት! የቆላ ወራጅ ነገር እውነት ነው፣ ግን ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ለሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጠዋት ጣት ይቆረጥማል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ጃኬት ያስወልቃል። ይኼ መዋዠቅ ነው የሚገድለው። ሲሞቅ ሲበርድ ጋዙ ቡሹን ይገፋል፣ ይለቀዋል፣ ይገፋል፣ ይለቀዋል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ድረስ ሳይዋዥቅ የሚቆይ ቦታ ፈልግ። ኮርኒስ ላይ በፍጹም። ማድ ቤት በፍጹም።

እኛ ቤት የምናደርገውን ልንገርህ። የአያቴ ባዶ ጋን አለ፣ ጓዳ ጥግ፣ ፀሐይ የማይነካው ግድግዳ ጋ። ጠላ ከተጠመቀበት ዓመታት አልፎታል። በደንብ አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት፣ ሽታ እንዳይኖር፣ ታቹ ገለባ አደረግሁ፣ ጠርሙሶቹን አቁሜ አፉን በአሮጌ ባና ሸፈንኩት። ቴርሞሜትር ከትቼ አየሁ፤ ውጭው ከ4 ወደ 21 ሲሄድ ጋኑ ውስጥ ያለው ሁለት ዲግሪም አልተንቀሳቀሰም። የመንዝ ድንጋይ ቤት ያለው ሰውማ ጋንም አያስፈልገውም።

ፍሪጁ ለሦስት ዓመት አይሆንም። በጣም ይበርደዋል፣ እርጅናው በጣም ይዘገያል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ያው መዋዠቅ ነው። በርበሬና ናፍጣ ካለበትም አርቀው። እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር ቀን ጻፍበት፣ እባክህ በእኛ ዘመን አቆጣጠር!

አንድ ነገር ደግሞ። ከመክፈትህ ሁለት ቀን በፊት የተኛውን አቁመው፣ ቀዝቀዝ አድርገው። እዚህ ከፍታ ላይ የውጭው ግፊት ትንሽ ስለሆነ አረፋው ከቆላው ይበልጥ ይነሣል። ሽቦውን ስትፈታ አውራ ጣትህ ከቡሹ ላይ አይነሣ፣ ፎጣ አድርግበት፣ ቡሹን ይዘህ ጠርሙሱን አዙር። ሰው ፊት አታዙረው። አንዴ ስትጀምር ሳታቋርጥ በቀስታ ቅዳ፣ አተላው ጫፍ ላይ ሲመጣ አቁም።

እናት ጓዳ፦

ይቅርታ፣ የእኛን ቢራ ብናስቀምጥስ? ቤት ሁለት ሳጥን አለ።

እርሾ፦

አይሆንም እህቴ። እሱ ተጣርቶ፣ እርሾው ወጥቶ፣ ትኩስ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። 5 ከመቶ አካባቢ አልኮል ያለው እንዲህ ያለ ቢራ ሲያረጅ ካርቶን ነው የሚሆነው። እንግዳ ጥሪበት።

የጠባሴ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋን የለንም፣ ግን የጓዳው ቁም ሳጥን ታች ከድንጋይ ግድግዳ ጋር ይነካካል፣ እዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አቆምኳቸው። ጉዙን አስተኛሁት። ዱቬሉን ማታ ከአባዬ ጋር ከፈትነው፤ ስድስት ግማሽ ዙር ሽቦ ቆጠርኩ፣ ቡሹ ፎጣው ውስጥ ድው አለ፣ አረፋው ብርጭቆውን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ወረደ፣ አባዬ «ይኼ ቢራ ነው የሚቆጣው?» ብሎ ሦስት ጊዜ አስቀዳኝ።

እማዬ ቡፌው ባዶ ሆነብኝ ብላ አኩርፋ ነበር። ባዶው ጠርሙስ ታጥቦ፣ ቡሹ መልሶ ተሰክቶበት፣ ከላስቲክ አበባው ጎን ቆሟል።